ምዕራፍ ሰባት፦ በምዝገባው ሳምንት የሚወሰነው

ሚዛን አማን ለመጠኗ ብዙ የትምህርት ተቋም የተሰበሰበባት ከተማ ናት። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲቋቋም አንዱን ግቢ እዚህ፣ ሌላውን ቴፒ ላይ አደረገ። ከእሱ በፊት የግብርና ልማት ሠራተኞችን የሚያሠለጥነው የሚዛን ግብርና ኮሌጅ ነበረ። የሚዛን አማን ጤና ሳይንስ ኮሌጅ መካከለኛ የጤና ባለሙያዎችን ያፈራል፤ አማን ላይ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ቦንጋ ላይ ደግሞ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ሚዛን ውስጥ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው በባጃጅ ይደረሳል።

ይህን ያየ እንግዳ፣ ከኮሌጅ የተመረቀች ልጅ ዲግሪዋን ለመቀጠል ባጃጅ መሳፈር ብቻ የሚበቃት ሊመስለው ይችላል። የወረቀቱ መንገድ ግን ሌላ ነው። ከኮሌጁ ሬጅስትራር ይነሣና በክልል ቢሮ ያልፋል፤ አንዳንዴ ሐዋሳ፣ አንዳንዴ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከወራት በኋላ እዚያው ከተማ ውስጥ ወዳለው ሁለተኛው ግቢ ይመለሳል። አንዳንዱ ወረቀት ጨርሶ አይመለስም።

በዚህ ምዕራፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሸጋገር የሚቻል መሆን አለመሆኑ በአብዛኛው የሚወሰነው ተማሪው ኮሌጅ በገባበት የመጀመሪያ ሳምንት፣ በምዝገባው ጠረጴዛ ላይ ነው። ምክር የሚፈለገው ያኔ ነው። እኛ ጋ ምክር የሚጀመረው፣ ከተጀመረ፣ በምረቃው ዋዜማ ነው።

መጀመሪያ ስለ ስንት ሰው እንደምንነጋገር እንመልከት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ሲሰጥ ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈተኑ። ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 48,929 ከፍ አለ፤ ከተፈተኑት 8.4 በመቶ ማለት ነው። ከ50 በመቶ በታች ካመጡት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሪሚዲያል ፕሮግራም አንድ ተጨማሪ ዕድል ያገኛሉ። ሌላው ሁሉ ወይ ወደ ኮሌጅ ይሄዳል፣ ወይ ወደ ሥራ፣ ወይ ቤት ይቀመጣል። በጋዜጣና በቴሌቪዥን ስለ ከፍተኛ ትምህርት ስናወራ የምናወራው ስለ ጥቂቶቹ ነው። በጉራፈርዳ፣ በሸኮ፣ በየኪ ወይም በጌሻ ወረዳ 12ኛን ለጨረሰ ልጅ ቅርቡና የሚጨበጠው በር የኮሌጁ በር ነው። ከዚያ በር ወዲያ ሌላ በር መኖሩንና ቁልፉ ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ባለቤቱ የበዛ መንገድ

የሚነግረው ሰው ያጣበት ምክንያት የአሠልጣኞች ቸልተኝነት አይደለም። ብዙዎቹ አሠልጣኞች ራሳቸው በዚያው መንገድ ያለፉ፣ በክረምትና በቅዳሜና እሑድ ትምህርት ዲግሪ የያዙ ሰዎች ናቸው፤ የሚያውቁትን ለመንገር አይሰስቱም። ችግሩ መንገዱ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ተቆራርጦ መያዙ ነው።

ፖሊቴክኒኩ የሚመራው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር መመሪያና በክልሉ ቢሮ ነው። ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ሚኒስቴር ነው። የጤና ሳይንስ ኮሌጁ ጉዳይ ከጤና ቢሮ፣ የመምህራን ኮሌጁ ከትምህርት ቢሮ፣ የግብርና ኮሌጁ ከግብርናው መሥሪያ ቤት ጋር የተሳሰረ ነው። የግል ተቋማትን ፈቃድና የተመራቂዎችን ማስረጃ የሚያጣራው ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲውና የቴክኒክና ሙያው ሥልጠና በሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሥር አብረው ነበሩ። በ2014 መጀመሪያ እንደገና ተለያዩ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ቁራጭ መንገድ ያውቃል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያውቀው ተማሪው ብቻ ነው፤ እሱም የሚያውቀው ሄዶ ከጨረሰው በኋላ ነው።

የደቡብ ምዕራቡ ሰው ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተመሠረተው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የሠለጠነና የተመዘነ ሰው በእጁ የያዘው የደቡብ ክልልን ማኅተም ነው፤ ያ ክልል ዛሬ በዚያ ስሙና ቅርጹ የለም። ከዚያ በኋላ የተመዘነው የአዲሱን ክልል ማኅተም ይዟል። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው «ሰነድህ ከሰጪው አካል ይረጋገጥ» ባለ ጊዜ፣ ወደ የት እንደሚሄዱ የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ከሌለ የመጀመሪያውን ጉዞ በከንቱ ይሄዳሉ። ከሚዛን አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሐዋሳም ቅርብ አይደለችም። በከንቱ የተሄደ አንድ ጉዞ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ነው።

ደረጃ፣ ምዘናና ተዛማጅ መስክ

የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ደረጃ 1 እና 2 አጭር ሥልጠናዎች ናቸው፤ ደረጃ 3 እና 4 ሰው ዲፕሎማ እያለ የሚጠራቸው ናቸው፤ ከዚያ በላይ ደረጃ 5 አለ። ሥልጠናው አብዛኛው በተግባር፣ በወርክሾፕና በድርጅት ውስጥ እንዲሆን ታስቦ የተቀረጸ ነው። ሠልጣኙ ሥልጠናውን ሲጨርስ ኮሌጁ ትራንስክሪፕት ይሰጠዋል፤ ባለሙያ መሆኑን የሚመሰክረው ግን ኮሌጁ አይደለም። ከኮሌጁ ውጭ የሆነ የምዘና አካል ይመዝነዋል። ሰዉ ሁሉ «ሲኦሲ» የሚለው ይህን ነው። በየደረጃው ተመዝኖ «ብቁ» የተባለ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።

በሕጉ መንፈስ መሠረት ደረጃ 4 የጨረሰና ምዘናውን ያለፈ ሰው በተዛማጅ መስክ ለዲግሪ ማመልከት ይችላል። የሥራ ልምድ ይጠየቅ እንደሆነ፣ የመግቢያ ፈተና ይኖር እንደሆነ፣ ስንት ቦታ እንደተመደበ በየጊዜው በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል፤ ስለዚህ የዘመኑን መመሪያ ሳያነቡ የአምና ተመራቂ የነገረውን ይዞ መሄድ አያዋጣም። የማይለዋወጡት ሁለቱ ቃላት «ምዘና» እና «ተዛማጅ» ናቸው። ሁለቱም ወደ ምዝገባው ሳምንት ይመልሱናል።

ከተዛማጁ እንጀምር። በበበቃ ቡና ልማት አካባቢ ያደገ አንድ ልጅ እናስብ። የቡና ችግኝ ሲፈላ፣ ሲተከል፣ ፍሬው ሲለቀም እያየ ነው ያደገው፤ ዘሩ እንዴት እንደሚመረጥ፣ በሽታው እንዴት እንደሚያጠቃው የሚያጠና ሰው መሆን ይመኛል። ቴፒ ላይ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል አለ፤ ጅማ ላይ የአገሪቱ የቡና ምርምር ማዕከል አለ፤ ምኞቱ የቀን ሕልም አይደለም። ለምዝገባ ኮሌጅ ሲመጣ ጓደኞቹ አካውንቲንግ ሲመዘገቡ አየ። አካውንቲንግ ቢሮ ያስቀምጣል ተባለ። ተመዘገበ፤ በርትቶ ተማረ፤ ደረጃ 4 ጨረሰ፤ ሲኦሲውንም አለፈ። ከሁለት ዓመት ሥራ በኋላ በእጽዋት ሳይንስ ዲግሪ ልማር ብሎ ማመልከቻ ሲያስገባ ማመልከቻው በመጀመሪያው ማጣሪያ ይወድቃል። ጥፋቱ የውጤት አይደለም፤ የዚያ የመስከረም ማለዳ ነው። በአካውንቲንግ ወይም በአስተዳደር መስክ ዲግሪ መማር ይችላል። የቡናው ተመራማሪ ግን ከዚያ ጠረጴዛ አልተነሣም።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ቢጠይቀው ምን ይሆን ነበር? «ከዚህ ወጥተህ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ስትሠራ ራስህን ታያለህ?» የሚል። ልጁ «ቡና ላይ» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ጠያቂው የግብርና ኮሌጁ እዚያው ከተማ ውስጥ መሆኑን ይነግረዋል፤ የእንስሳት፣ የእጽዋትና የተፈጥሮ ሀብት ዘርፎች የተለያዩ መሆናቸውን፣ ለምኞቱ የሚያደርሰው የትኛው እንደሆነ ያሳየዋል። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ጤናው ላይ ይህ ይበልጥ ይጠብቃል። ነርሲንግ፣ አዋላጅነት፣ ፋርማሲና ላቦራቶሪ ከውጭ ሲታዩ አንድ ቤተሰብ ይመስላሉ፤ ወደ ዲግሪ ሲያድጉ ግን እያንዳንዱ በራሱ መስመር ነው የሚሄደው። ፋርማሲ የተማረች ልጅ በነርሲንግ ዲግሪ ልቀጥል ብትል የኋላው ዓመት አይታሰብላትም። ሐኪም የመሆን ሕልም ይዛ በደረጃ 4 የምትገባ ልጅ ደግሞ ሕክምና በሌላ በር እንደሚገባበት ከመጀመሪያው ልታውቅ ይገባታል። እውነቱን ቀድማ ብታውቅ 12ኛን በግል ተፈትና ልትሞክር ትችል ነበር፤ ወይም በሙሉ ልቧ ጥሩ አዋላጅ ለመሆን ልትወስን ትችል ነበር። ሁለቱም የተከበሩ ምርጫዎች ናቸው። የሚያሳዝነው ሳታውቅ አራት ዓመት መጠበቋ ነው።

ምዘናውም እንደዚሁ ነው። ሥልጠና ጨርሶ ለምዘና ሳይመዘገብ ወደ ገጠር የገባ ልጅ አለ። ቡና ለቀማ ደርሶ፣ አባት ታምሞ፣ የምዘና ክፍያ ጠፍቶ፣ ምክንያቱ ብዙ ነው። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሊመዘን ሲመጣ እጁ መሣሪያውን ረስቷል፤ የሙያ ደረጃው ራሱ ተሻሽሎ ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል። ምዘና እጅ ገና ትኩስ ሳለ፣ ከኮሌጁ ሳይወጡ የሚወሰድ ነገር መሆኑን ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሰማ ልጅ ለክፍያው ከወዲሁ ያስቀምጣል።

ስለ ስም

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቆጨኝ እንቅፋት የስም ፊደል ነው። ትንሽ ይመስላል። የብዙ ተማሪ ጉዞ የተሰናከለው ግን እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። በየሰነዱ ሦስቱም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋሉ። ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ ካፍኛ፣ ሸኮኛ ወይም ሜኤንኛ የሚናገር ቤተሰብ ለልጁ የሚያወጣው ስም በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ጊዜ ይለወጣል። ቤንችኛ የድምፅ ከፍታ ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ ነው፤ ያንን ከፍታ የአማርኛው አጻጻፍ አይዘውም። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ሲዞር ሁለተኛ ይለወጣል፤ ይህኛውን ለውጥ የሚያደርገው በዚያ ቀን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ነው። ስለዚህ የስምንተኛ ክፍል ካርድ ላይ አንድ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ላይ ሌላ፣ የኮሌጁ ትራንስክሪፕት ላይ ሦስተኛ፣ የምዘና ምስክር ወረቀቱ ላይ አራተኛ ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል። አንዱ ላይ የአያት ስም ተዘንግቷል፤ ሌላው ላይ የክርስትና ስም ገብቷል። ሰውየው አንድ ነው። ሰነድ አጣሪው ፊት ግን አራት ሰው ነው፤ በሐሰተኛ ማስረጃ ምክንያት ጥርጣሬ በበዛበት በዚህ ዘመን አጣሪውም ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ይህን ማረም ይቻላል። የ12ኛ ክፍል ሰነዱ ከወጣ በኋላ ሁሉንም ከእሱ ጋር ማስማማት ነው ቀላሉ መንገድ። ኮሌጁ ገና ሲመዘግብ፣ የተማሪውን የ12ኛ ክፍል ሰነድ ፊት ለፊት አስቀምጦ ፊደል በፊደል እያየ ቢጽፍ ችግሩ ከግማሽ በላይ ይቃለላል። ከምረቃ በኋላ ከሆነ ግን ማረሙ የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤትን፣ አንዳንዴም ፍርድ ቤትን ይጠይቃል። የምዝገባ ጸሐፊ የሚባለውን ሰው እኔ ከአካዳሚክ አማካሪ አላሳንሰውም። ይህን ሥራ በጥንቃቄ የሚሠራ ጸሐፊ የልጆችን ዕድሜ ያተርፋል።

ገንዘቡና ቡናው

በዚህ አገር የቤተሰብ ገንዘብ የሚገኘው ቡናው ቀልቶ ሲለቀም፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። እሸቱን ወዲያው የሚሸጥ አለ፤ አድርቆ ጀንፈሉን እስከ ጥር የሚያቆይ አለ። የምዝገባው ቀን ከዚህ ጋር አይገናኝም። ብዙ አባት ለልጁ የምዝገባ ገንዘብ ገና ያልቀላ ቡናውን አስይዞ ከነጋዴ ይበደራል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ያበደረው ነው። እንዲህ በመጣ ገንዘብ የተመዘገበ ልጅ መስኩ እንዳልሆነለት በኅዳር ቢረዳ እንኳ «ልቀይር» ብሎ ለአባቱ ለመናገር አንደበቱ አይፈታም። አማካሪ ይህን ማወቅ አለበት። ልጁ ዝም ያለው ግድ ስለሌለው እንዳይመስለው።

በዩኒቨርሲቲም በኩል የሚነገር ነገር አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ የሚማር ሰው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ይህ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ሥርዓት ነው። ዕዳው እስኪከፈል ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ተይዞ ይቆያል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና በሁሉም መስክ ተጀመረ፤ ያን ዓመት ከ150 ሺህ በላይ ተፈትነው ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሥራ እየሠራ በቅዳሜና እሑድ የሚማር የደረጃ 4 ምሩቅ ከመግባቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ነው፤ በዲግሪው መጨረሻ ላይ አገር አቀፍ ፈተና ይጠብቀዋል።

ሌሎች ምን አደረጉ

ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመሸጋገር ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባሉት ተቋማት ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለት ዓመት እዚያ፣ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ። ከመቶ ዓመት በላይ ልምድ አላቸው። ሆኖም የአሜሪካ መንግሥት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ ከተቋም ወደ ተቋም የተዛወሩ ተማሪዎች ከተማሩት ክሬዲት በአማካይ 43 በመቶው እንዳልተያዘላቸው ገመተ። የእኛው የደረጃ 4 ምሩቅ «ያለፈው አይታሰብም» ሲባል የሚሰማውን እነሱም ያውቁታል።

መፍትሔ ያመጡትን ስናይ ግን ሁሉም ምክሩን ወደ መጀመሪያው ያመጡ ናቸው። የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 «አሳፕ» የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። አንድ አማካሪ የሚይዘው ከ60 እስከ 80 ተማሪ ሆነ፤ በተለመደው አሠራር ከ600 በላይ ይይዝ ነበር። ተማሪው አማካሪውን በየጊዜው እንዲያገኝ የትራንስፖርት ካርዱን ከዚያ ጋር አያያዙት። ተማሪዎችን በዕጣ ከፍለው ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች በሦስት ዓመት ውስጥ የተመረቁት ከ22 ወደ 40 በመቶ ከፍ ማለታቸውን አገኙ። በማኅበራዊ ጥናት እንዲህ ያለ ልዩነት እምብዛም አይታይም። መምህራኑ አልተቀየሩም፤ የክፍል ትምህርቱም ያው ነበር።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በጋራ የሚሠሩበት ፕሮግራም አላቸው። ተማሪው ኮሌጅ ሲገባ የሚደርስበትን ዲግሪ ይመርጣል፤ የኮሌጁ ኮርሶች ከዚያ ዲግሪ ወደ ኋላ እየተቆጠሩ ይደረደሩለታል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮት የሚሄድ አንድ አማካሪ ይመደብለታል። ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር አማካሪውን አይቀይርም።

ይህን ሁሉ ከውጭ መቅዳት አያስፈልገንም። በቅርባችን የሆነ አለ። የዓለማያ ግብርና ኮሌጅ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የጀመሩት ዓለማያ አልነበረም። በዛሬው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1952 በተከፈተው የጅማ ግብርና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር፤ የዓለማያው ግቢ ሲደርስ እ.ኤ.አ. በ1956 ወደዚያ ተዛወሩ። ሁለቱም በአንድ አመራርና በአንድ ዕቅድ ስለነበሩ ጅማ ላይ የተማሩት ዓለማያ ላይ አልጠፋም። ከዚሁ ከቡናው አገር ነው የተነሡት።

ሌላው የልማት ሠራተኞች ታሪክ ነው። እንደ ሚዛን ካሉ የግብርና ኮሌጆች ዲፕሎማ ይዘው በየቀበሌው የተመደቡት ወጣቶች ዓመታት ሲያልፉ ዲግሪ መፈለጋቸው አይቀርም ነበር። ይህ ጥያቄ ገና ከመበርታቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ዓለማያ ሳሳካዋ በተባለው ድርጅት ድጋፍ በሥራ ላይ ላሉ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች የዲግሪ ፕሮግራም ከፍቶ ነበር፤ ኋላ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ። ተማሪው ከመካከል ላይ ወደ ነበረበት ወረዳ ተመልሶ ከገበሬው ጋር ፕሮጀክት ይሠራል፤ የሠራው ለዲግሪው ይታሰብለታል። ልምዱ እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደ ትምህርት ተቆጠረለት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ዓመት ሥልጠና ቀበሌ ገብተው፣ ቀስ በቀስ ወደ ደረጃ 4፣ ከዚያም ወደ ዲግሪ የሚያድጉበት መስመር ተዘረጋላቸው። መሥሪያ ቤታቸው ማን እንደሆኑና የት እንዳሉ ያውቃል፤ የማሳደጉን ሥራም የራሱ አድርጎታል። የፖሊቴክኒኩ ብየዳ፣ ኤሌክትሪክና አካውንቲንግ ተመራቂ ያጣው ይህንን ነው።

ሚዛን ላይ ምን ይቻላል

አንድ ተቃውሞ አውቃለሁ፤ አከብረዋለሁም። «ሁሉም ዲግሪ ይያዝ ማለት ነው? ጥሩ በያጅ ከሥራ አጥ ባለዲግሪ አይሻልም?» ይሻላል። በዚህ አገር የቡና ማጠቢያ ማሽን የሚጠግን ሰው መቼም ሥራ አያጣም። እኔ የምለው ልጁ ሁለቱንም አውቆ ይምረጥ ነው። ብየዳን መርጦ በያጅ የሆነና ሌላ በር እንዳለ ሳይነገረው የቀረ፣ ሁለቱ በአንድ ወርክሾፕ ቢቆሙም አንድ አይደሉም።

የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራርና የአካባቢው ኮሌጆች ተቀምጠው አንድ ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፦ በግራ በኩል ኮሌጆቹ የሚሰጧቸው የደረጃ 4 ዘርፎች፣ በቀኝ በኩል እነዚያን እንደ ተዛማጅ የሚቀበሉ የዲግሪ ፕሮግራሞች። በየነሐሴው መጨረሻ ከአዲሱ መመሪያ ጋር ይታረም። በመስከረም በየምዝገባ ጠረጴዛው ላይ ይለጠፍ፤ በአማርኛ፣ ሲቻል በቤንችኛና በካፍኛም። ዩኒቨርሲቲው አንድ ሰው ይመድብ፤ ኮሌጆቹም እያንዳንዳቸው አንድ። የእነዚህ ሰዎች ስልክ ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ይጻፍ። ዩኒቨርሲቲው ለራሱ ተማሪዎች አካዳሚክ አማካሪ ይመድባል፤ ያንን ልማድ አንድ እርምጃ ወደ ኮሌጁ ማራዘም ነው።

ስለ ትውውቅም አስባለሁ። ከገጠር ቀበሌ ለመጣች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ማለት በመንገድ ስታልፍ የምታየው አጥር ነው። ዓመት ሳይሞላት አንድ ቀን ገብታ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ላቦራቶሪውን ብታይ፣ ከደረጃ 4 ተነሥቶ ዲግሪ ከሚማር አንድ ሰው ጋር ብትነጋገር፣ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጠቅማታል። እንደ ታላቅ ወንድም ወይም እንደ ታላቅ እኅት የሚመልስላት ሰው ጋ «ጋሼ፣ እኔም እችላለሁ ወይ?» ብላ መጠየቅ አያሳፍራትም። አማካሪው ጠረጴዛ ፊት የማትጠይቀውን እዚያ ትጠይቃለች።

የምዝገባው ሳምንት ላለፈባቸው ደግሞ የሚተርፍ ነገር አለ። የመጀመሪያው ተርም ሳያልቅ ዘርፍ መቀየር ብዙውን ጊዜ ይቻላል፤ ዲኑን በጽሑፍ መጠየቅ ነው፤ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል። ከደረጃ 2 ወደ 3 ሲታለፍ ሌላ መስቀለኛ መንገድ አለ፤ በዚያ ጊዜ ወደ ተዛማጁ መስክ መጠጋት ይቻላል። ተመርቀው ምዘናውን ያልወሰዱ ሰዎች ለሚቀጥለው ዙር ምዘና ሲመዘገቡ፣ ጸሐፊው የሞላውን ቅጽ ከመፈረማቸው በፊት የ12ኛ ክፍል ሰነዳቸውንና መታወቂያቸውን አጠገቡ አድርገው የስማቸውን ፊደል አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ ስሕተት ካገኙ እዚያው ያስተካክሉ። ለዲግሪ የሚያመለክቱ ደግሞ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከኮሌጁ ወደ ዩኒቨርሲቲው ታሽጎ የሚላክ ነገር መሆኑን አውቀው፣ የማመልከቻው ጊዜ ከመዘጋቱ ከወራት በፊት ሬጅስትራሩን ይጠይቁ፤ የላከበትንም ቀንና የደብዳቤ ቁጥር ይያዙ።